በሠሉስና በሐሙስ መካከል፤ ስለ ወርቃማ አልጌዎች፣ ስለ ዲያቶሞችና ስለ ዘመዶቻቸው የተነገረ ዲስኩር



የአባቶቻችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት፣ አክሲማሮስን የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዕፅዋትን በዕለተ ሠሉስ፣ ከውኃ የተገኙትን ሕያዋን ደግሞ በዕለተ ሐሙስ የተፈጠሩ አድርጎ ይለያቸዋል፤ የሠሉስንም ፍጥረት ሰው እንዴት እንደሚሰበስበው ተመልክቶ በእጅ የሚለቀም፣ በማጭድ የሚታጨድ፣ በምሳር የሚቆረጥ ብሎ በሦስት ሲከፍለው፣ የሐሙስን ፍጥረት አካሄዱን አይቶ በልቡ የሚሳብ፣ በእግሩ የሚሽከረከር፣ በክንፉ የሚበር ብሎ በሦስት ይመድበዋል። ይህ አከፋፈል የገበሬውን እጅና የተመልካቹን ዓይን መሠረት ያደረገ ስለ ሆነ፣ ለዓይን ለሚታየው ፍጥረት ዛሬም የሚያንስ አይደለም። ችግር የሚመጣው፣ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ክፍል ብዙ የማይበልጥ፣ የሠሉስን ወገን መስሎ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ፣ የሐሙስን ወገን መስሎ ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚመላለስና አንዳንድ ጊዜም ሌላውን የሚውጥ ረቂቅ ፍጥረት ሲያጋጥም ነው። ከእነዚህ ደቂቃን መካከል ወርቃማ አልጌዎች የሚባሉትን፣ ዲያቶሞችንና ዘመዶቻቸውን መርጬ፣ ጠባያቸውን ከገለጽሁ በኋላ፣ ሊቃውንት ዘራቸውን ለመለየት በየትኛው ምልክት እንደ ተመሩ፣ የትኛውም ምልክት እንደ ከዳቸውና የትኛው እንደ ታመነላቸው ለመናገር አስቤአለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክረምቱ አልፎ ጎርፉ ሲጎድልና ውኃው ሲጠራ፣ በጥቅምት ወር ከጅረት ውስጥ አንድ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው፣ ጣትን የሚያዳልጥ ቡናማ ነገር በላዩ ተለጥፎ ያገኛል፤ ልብስ ለማጠብ ወንዝ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲሻገር እግሩ የከዳው መንገደኛም ስሙን ሳይጠይቅ ረግሞት አልፏል። ከዚህ ነገር በቢላዋ ጫፍ ጥቂት ፍቆ፣ በመስተዋት ላይ በአንድ ጠብታ ውኃ በጥብጦ፣ አራት መቶ ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ለሚመለከት ሰው፣ ጭቃ መስሎት የነበረው ሁሉ፣ ሁለት ጫፋቸው የሾለ፣ አካላቸው የጠራ፣ በውስጣቸውም ሁለት ወርቃማ ቡናማ ጥብጣቦች በግራና በቀኝ የተጋደሙባቸው ፍጥረታት ሆኖ ይታየዋል። ጥቂት ታግሦ ቢጠብቅ፣ ከመካከላቸው አንዱ ያለ እግርና ያለ ክንፍ፣ ሰውነቱን ሳያጥፍና ሳያወዛውዝ፣ በቀጥታ መስመር ሲንሸራተት ያያል፤ ከአሸዋ ቅንጣት ጋር ሲጋጭ ለአፍታ ይቆማል፤ ከዚያም ፊቱን ሳያዞር በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ፊትና ኋላ ለእርሱ አንድ ነውና። ይህ ፍጥረት ዲያቶም ይባላል።

የዲያቶም ዋና ባሕርዩ ቤቱ ነው። ብርጭቆ ከሚሠራበት ከሲሊካ፣ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘውን ጥቂት በጥቂት እየለቀመ፣ በሕዋሱ ውስጥ ባለች ልዩ ከረጢት እያረጋ፣ ሁለት ክፍል ያለው ቅርፊት ይሠራል፤ የሙዳይ ክዳን በአፉ ላይ እንደሚጠልቅ፣ ታላቁ ክፍል በታናሹ ላይ ይጠልቃል። በቅርፊቱ ላይ የተደረደሩት ቀዳዳዎችና መስመሮች በየዓይነቱ የተለዩ ስለ ሆኑ፣ ሊቃውንት አንዱን ዲያቶም ከሌላው የሚለዩት በሥጋው ሳይሆን በቤቱ ጌጥ ነው፤ እንዲህም ሆኖ ዛሬ ስም የተሰጣቸው ዓይነቶች ከ12,000 በላይ ደርሰዋል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መነጽር ሠሪዎች የሥራቸውን ጥራት የሚፈትኑት ፕሌውሮሲግማ በሚባል ዲያቶም ነበር፤ የጌጡን ረቂቅ መስመሮች ለይቶ ያላሳየ መነጽር ገዢ አያገኝም ነበር። ሰው ሠራሽ መሣሪያ በፍጥረት ሲመዘን ይህ ከምወዳቸው ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ቤት አንድ ችግር አለው፤ አይለጠጥም። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል፣ እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ቅርፊት አንደኛውን ክፍል ይወርስና፣ የወረሰውን ክዳን አድርጎ፣ የጎደለውን ታናሽ ክፍል ራሱ በውስጡ ይሠራል። ስለዚህ ታላቁን ክፍል የወረሰው ልጅ የወላጁን ያህል ሲሆን፣ ታናሹን የወረሰው ከወላጁ በጥቂቱ ያንሳል፤ የእርሱም ልጅ ከእርሱ ያንሳል፤ በዚህ ዓይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ነገዱ እየቀጨጨ ይሄዳል። ይህን ሕግ ማክዶናልድና ፕፊትሰር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1869 ገደማ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር፣ ደርሰውበታል። መቀጨጩ ከተወሰነ ልክ ሲደርስ ዲያቶሙ መከፈሉን ትቶ ወደ ተዋልዶ ይመለሳል፤ የወንድና የሴት ዘር ይዋሐዳሉ፤ ከውሕደቱ የተገኘው ሕዋስ ከመስተዋቱ ቤት ወጥቶ፣ ለስላሳ ሽፋን ብቻ ለብሶ እንደ ልቡ ካበጠ በኋላ፣ የነገዱን የቀድሞ ቁመት የሚመልስ አዲስ ቅርፊት ይሠራል።

ዲያቶሞች በቅርጻቸው ክቦችና ረጃጅሞች ተብለው በሁለት ይከፈላሉ፤ ክቦቹ የቀደሙ፣ ረጃጅሞቹ ከእነርሱ የወጡ ናቸው። በድንጋዩ ላይ ሲንሸራተት ያየነው ከረጃጅሞቹ ነው፤ በቅርፊቱ ርዝመት የተሰነጠቀ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ በዚያ በኩል ሙጫ መሰል ነገር እያወጣ መሬቱን ይዞ ይሳባል። ክቦቹ ይህ ስንጥቅ የላቸውም፤ አብዛኞቹም በባሕርና በሐይቅ ላይ ተንሳፍፈው ይኖራሉ። በምድር ሁሉ ላይ በፀሐይ ብርሃን ከሚዘጋጀው ምግብ አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚያዘጋጁት ዲያቶሞች መሆናቸው ሲታወቅ፣ የዓሣውም የዓሣ አጥማጁም ማዕድ በእነዚህ ላይ የቆመ መሆኑ ይገባናል።

አሁን የማን ወገን ናቸው ወደሚለው ክርክር ልለፍ። በ1703 በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ፣ ስሙን ያልገለጸ አንድ እንግሊዛዊ፣ በኩሬ ተክል ሥር ላይ ተጣብቀው ያገኛቸውን አራት ማዕዘን ቅርጾች ሥሎ ገለጸ፤ ስለ ዲያቶም ከተጻፉት ሁሉ የታወቀው የመጀመሪያው ይህ ነው፤ እርሱም ተክል ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ አሰበ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው ታላቁ የጀርመን ሊቅ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ግን እንስሳት ናቸው ብሎ ተከራከረ። ይህ ሰው ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከ1820 እስከ 1825 ከጓደኛው ከዊልሄልም ሄምፕሪሕ ጋር በግብጽ፣ በሲናና በቀይ ባሕር ዳርቻ እየተዘዋወረ ዕፅዋትንና እንስሳትን ሲሰበስብ ቆይቶ፣ ጓደኛው በ1825 በምጽዋ በንዳድ ሲሞት፣ እርሱ ወደ በርሊን ተመለሰ። በ1838 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ፣ ረቂቃኑ ሁሉ ሆድ ዕቃቸው የተሟላ ፍጹማን እንስሳት ናቸው አለ፤ ለዚህም ማስረጃ ብሎ ሰማያዊ ቀለም በውኃው በጥብጦ አብልቷቸው፣ ቀለሙ በውስጣቸው ሲከማች አሳየ። ተሳስቷል፤ ነገር ግን ስሕተቱ የሰነፍ ስሕተት አይደለም፤ የሚንሸራተት ነገር አይቶ እንስሳ ነው ያለ ሰው፣ የሐሙስን ፍጥረት በአካሄዱ ከለዩት አባቶች መንገድ አልወጣም።

ደግሞም የማያልፍ ሥራ ሠርቷል። በ1832 ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲጓዝ፣ በኬፕ ቨርድ ደሴቶች አጠገብ ከሰማይ የወረደ ቡናማ አቧራ ሰብስቦ ለኤረንበርግ ላከለት፤ ኤረንበርግም ከተላኩለት አምስት ትናንሽ ጥቅሎች ውስጥ 67 ዓይነት የሕያዋን ቅሪት ቆጥሮ አገኘ፤ የብዙዎቹም ቅርፊት የሲሊካ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ከአፍሪካ አቧራ ከሚነሣባቸው ቦታዎች ዋነኛው በቻድ የሚገኘው የቦዴሌ ረባዳ ነው፤ ይህም የደረቀ ሐይቅ ወለል ነው፤ ነፋስ ከዚያ አንሥቶ አትላንቲክን የሚያሻግረው ነጭ አቧራ በአብዛኛው የዲያቶም ቅርፊት ነው።

ኤረንበርግን የረታው ሌላ ጀርመናዊ፣ ፍሪድሪሕ ኩትሲንግ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ በ1834 ቅርፊቱ ሲሊካ መሆኑን ገለጸ፤ በ1844ም ዲያቶሞችን ከአልጌዎች ወገን የቆጠረ መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ ከሐሙስ ወደ ሠሉስ ተዛወሩ ማለት ነው። ግን ክርክሩ አላለቀም፤ ከእነርሱ ጋር ቀለም የሚጋሩት ወርቃማ አልጌዎች አዲስ ጥያቄ ይዘው መጡ።

ወርቃማ አልጌዎች በብዛት በቀዝቃዛና በጠራ ውኃ ይኖራሉ። ከሁሉም የሚያምረው ዲኖብርዮን ይባላል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ ዋንጫ ውስጥ ተቀምጦ፣ አዲሱ ዋንጫ በአሮጌው አፍ ላይ እየተተከለ፣ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ሆኖ በውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ በእያንዳንዱ ዋንጫ አፍ ላይ ሁለት ጅራፎች፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ያለ ዕረፍት ይወናጨፋሉ። ሲኑራ የሚባለው ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ ኳስ ይሆንና፣ በሲሊካ ቅርፊቶች ተሸፍኖ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ በውኃ ማጠራቀሚያ በበዛ ጊዜ ውኃው የኪያር፣ ሲብስም የዓሣ ሽታ ይሸታል፤ የከተማ ውኃ የሚጠብቁ ሰዎች ይህን ፍጥረት የሚያውቁት በመልኩ ሳይሆን በአቤቱታ ነው። ክፉ ዘመን ሲመጣ ወርቃማው አልጌ በሕዋሱ ውስጥ ክብ የሲሊካ እንክብል ይሠራል፤ በአንዲት ቀዳዳዋ ላይ መክደኛ ያደርግባትና በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ደግ ዘመንን ይጠብቃል።

የሚያስደንቀው ግን አመጋገቡ ነው። ሐመልማላዊ ቀለም ያለው፣ ከብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ይህ ዲኖብርዮን፣ በ1986 ዴቪድ በርድና ጄከብ ካልፍ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካናዳ ሐይቅ እንዳሳዩት፣ ባክቴሪያዎችን በብዛት ይውጣል። ጠዋት ተክል፣ ማታ እንስሳ ነው ብንል ያንስበታል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነውና። እዚህ ላይ የሠሉስና የሐሙስ ድንበር ፈጽሞ ይጠፋል፤ በእኔ አስተያየት የጠፋው ድንበሩ እንጂ ፍጥረቱ አይደለም።

በ1914 የፕራጉ ሊቅ አዶልፍ ፓሸር ወርቃማ አልጌዎችን፣ ቢጫ አረንጓዴ አልጌዎችንና ዲያቶሞችን አንድ ላይ ሰብስቦ ክሪሶፊታ በሚል ስም ጠቀለላቸው። ምክንያቱ ደካማ አልነበረም፤ ሁሉም ትርፍ ምግባቸውን በስታርች መልክ ሳይሆን በቅባትና ክሪሶላሚናሪን በሚባል ስኳር መሰል ነገር ያከማቻሉ፤ ብዙዎቹ በሲሊካ ይሠራሉ፤ ቅርፊታቸው ወይም እንክብላቸው ከሁለት ክፍል የተጋጠመ ነው። ቢጫ አረንጓዴዎቹ ለዲያቶምና ለወርቃማው አልጌ ቡናማውን መልክ የሚሰጠው ፉኮዛንቲን የተባለ ቀለም ስለሌላቸው ብቻ ተለይተው ይታያሉ። የፓሸር አከፋፈል ለሃምሳ ዓመት ያህል በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ኖረ።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከመጣ በኋላ ግን ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ምልክት ጎልቶ ወጣ፤ ይኸውም ጅራፉ ነው። ከሁለቱ ጅራፎች ወደ ፊት የሚዘረጋው ረጅሙ፣ በሁለት ጎኑ ከሦስት ክፍል የተቀጣጠሉ ረቂቅ ጠጉሮች ተደርድረውበታል፤ ሁለተኛው ልሙጥ ነው። ይህ የጠጉር አሠራር የትም የማይደገም ስለ ሆነ፣ ባለቤቶቹ ሁሉ ከአንድ አባት የወረሱት ነው ተባለ፤ ዘረ መል መነበብ ሲጀምር ደግሞ ቃሉ ጸና። በ1989 ዴቪድ ፓተርሰን ለዚህ ዘር ስትራሜኖፓይል የሚል ስም አወጣለት። ዲያቶም ግን ጅራፍ የሌለው ሳለ እንዴት እዚህ ተቆጠረ ቢባል፣ መልሱ በዘሩ ውስጥ ተሰውሯል፤ የክቦቹ ዲያቶሞች የወንድ ዘር አንዲት ጅራፍ አለችው፤ በእርስዋም ላይ እነዚያ ጠጉሮች አሉ። ልጅነቱን በአካሉ የካደ ፍጥረት በዘሩ ተመሰከረበት።

በዚህ ምልክት የተሰበሰበው ቤተ ዘመድ ያስደነግጣል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝመው ግዙፉ ቡናማ የባሕር አልጌ ማክሮሲስቲስ ለዲያቶም የአጎት ልጅ ሆነ። ቀለም የሚባል ነገር የሌለው፣ ለብዙ ዘመን ሻጋታ ሲባል የኖረው ፋይቶፍቶራም እንዲሁ፤ ይህ በእኛ ደጋ በዝናብ ወራት የድንችንና የቲማቲምን ቅጠል አጥቁሮ የሚያደርቀው፣ ከ1845 ጀምሮም በአየርላንድ ድንችን አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለቀበትን ረኃብ ያመጣው በሽታ ነው።

በአንጻሩ መልካቸው ወርቅ ሆኖ ሳለ ከዘሩ የወጡ አሉ። ዓሣን በመርዝ የሚፈጀው፣ በአሜሪካ በቴክሳስ ወርቃማ አልጌ እየተባለ የሚረገመው ፕሪምኔዝየም፣ ፉኮዛንቲን ቢኖረውም ጠጉር ያለው ጅራፍ የለውም፤ የሌላ ወገን ነው። ባሕርን ደም የሚያስመስሉት ዲኖፍላጀሌቶችም ከዚህ ርቀው፣ ማን ይገምተው፣ ለወባ ተውሳክ ይቀርባሉ። ሐይቅ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ሁሉን በአንድ ስም መጥራት ልማድ ነው፤ በጭቱ ሐይቅ ፍላሚንጎዎች የሚመገቡት ስፒሩሊና ግን ኒውክለስ እንኳ የሌለው የባክቴሪያ ወገን ነው፤ ከዲያቶም ጋር የሚያገናኘው ውኃው ብቻ ነው። ዲያቶሞችን ንጹሓን አድርጌ ያቀረብሁም እንዳይመስላችሁ፤ በ1987 በካናዳ ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል የባሕር እንስሳ የበሉ ከመቶ በላይ ሰዎች ታመው፣ አንዳንዶቹ የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡት፣ የሞቱም ያሉበት፣ ሱዶኒትሺያ በሚባል ዲያቶም መርዝ ነው።

ቀለም እንዲህ የሚዋሸው ስለ ምንድን ነው? ቀለሙን የያዘው ክሎሮፕላስት በእነዚህ ፍጥረታት ዘንድ በአራት ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ይኸውም በጥንት ዘመን ሌላ ሕዋስ ቀይ አልጌን ውጦ ሳይፈጨው እንዳስቀረው የሚመሰክር ነው። ስለዚህ ቀለም ምርኮ ነው፤ በተለያዩ ቤቶች ሊገኝ ይችላል፤ ጅራፍ ግን ርስት ነው። 

ከዘራቸው ወደ ጥቅማቸው ልለፍ፤ በጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሁት ነጭ ድንጋይ ከዝዋይ በስተ ደቡብ፣ ከአዳሚ ቱሉ አካባቢ የመጣ ነው። ለዓይን ኖራ ይመስላል፤ ሲያነሡት ግን ቅለቱ ያስደንቃል፤ በጣት ሲያሹት ዱቄት ይሆናል፤ ምላስ ሲነካው ይጣበቃል፤ ሎሚ ቢጨመቅበት የኖራ ድንጋይ እንደሚፈላው አይፈላም። ይህ የዲያቶም አፈር ነው፤ ከጥንት ሐይቅ ወለል ላይ ቅርፊት በቅርፊት ላይ እየተደራረበ የተሠራ። በውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ብዙ ስለ ሆነ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ አልፍሬድ ኖቤል በ1867 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያወጣበት ዲናሚት፣ አደገኛው ናይትሮግሊሰሪን በእንዲህ ያለ አፈር ተመጥጦ የተሠራ ነው። ቢራ ጠማቂዎች ማጥሪያ ያደርጉታል። በእህል ላይ ቢነሰነስ ነቀዝን ይገድላል፤ በመርዝ ግን አይደለም፤ የነፍሳቱን ቆዳ የሚጠብቀውን ሰም እየፋቀና እየመጠጠ በድርቀት ይጨርሰዋል እንጂ።

ለእኔ ግን የዚህ አፈር ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። እያንዳንዱ የዲያቶም ዓይነት የሚወደው ውኃ የታወቀ ነው፤ አንዱ ጥልቅና ጣፋጭ፣ ሌላው ጨዋማ፣ ሌላው ሊደርቅ የደረሰ። ስለዚህ ከሐይቅ ጭቃ በቧንቧ ወግቶ ያወጣ ሰው፣ ከታች ወደ ላይ ቅርፊቶቹን በየተራ ቢቆጥር፣ የሐይቁን ታሪክ ያነባል። ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ጋስ በአፋርና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ይህን ሥራ በትጋት ሠርታለች፤ ከእርስዋና ከባልደረቦችዋ ጥናት እንደ ተገኘው፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ፤ ትርፍ ውኃቸውም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከሻላ በላይ ባሉት ተረተሮች ላይ ዛሬ ፍየል የሚሰማራበት ነጭ አፈር የዚያ ሐይቅ ወለል ነው።

ከጣና የወጣው ጭቃ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የጭቃው ኬሚስትሪና የዲያቶሞቹ ምስክርነት ተደምሮ፣ ከዛሬ 15,000 ዓመት አስቀድሞ በነበረው ደረቅ ዘመን ጣና ደርቆ እንደ ነበር፣ ዓባይም በዚያ ዘመን ከጣና ሳይወጣ እንደ ኖረ ታውቋል።